ከታች ያለው ያዛል

ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ሠፈርተኛው የሚያውቀኝ በአንድ እብደት ነው። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ጥቁር ሮቶ አለ። ውሃ ሲጠፋ ባዶውን ይከርማል፣ ውሃ ሲመጣ እንሞላዋለን። ታዲያ ምራቴ ዘይነባ ቧንቧውን ልትከፍት ስትል «ቆይ» እላታለሁ። ክዳኑን አነሳና ጎንበስ ብዬ ጥቂት ቃል እናገራለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ጠብቄ ስጨርስ «ክፈቺው» እላለሁ። እሷ «አባባ፣ ባዶ እኮ ነው!» ትላለች። ባዶ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ጤናዬን የሚጠረጥሩ ጎረቤቶች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። በቀደም ልጄ ቁጭ አድርጎ ሲጠይቀኝ ግማሹን ነግሬው ግማሹን ዋጥኩት። እዚህ የምጽፈው ሙሉውን ነው።

የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመቶቼን፣ በኛ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2014፣ ሪያድ ውስጥ ኸዛን በማጠብ አሳለፍኩ። ኸዛን እዚያ አገር በየግቢው ከመሬት በታች የሚሠራ የሲሚንቶ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከላይ የሚታየው አንድ ሰው የሚያሾልክ የብረት ክዳን ብቻ ነው። ባለቤቱ እላዩ ላይ መኪናውን ያቆማል፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከእግሩ ሥር አንድ ጨለማ ክፍል እንዳለ ትዝም አይለው። እኛ ግን ያን ከተማ የምናውቀው ከታች በኩል ነው።

መጀመሪያ ሱለይ ነበርኩ፤ መጋዘንና ጋራዥ በሚበዛበት በምሥራቁ በኩል፣ ለአንድ የጽዳት ድርጅት እሠራ ነበር። እዚያ አለቃ በአለቃ ላይ ተደርቦ ነበር። ሙሄን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሙሄ የአገሬ የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወራ የሚያንሾካሹክ የሚመስል፣ ጆሮው ግን የጉድ ነው። አንድ ቀን ኸዛን አፍ ላይ ቆሞ ሳለ ክፉ ሽታ ሸተተውና «ልጁን አውጡት» አለ። ሙዲሩ፣ ማለት አለቃችን፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ «ለምን? ምን አየህ? ማን ፈቀደልህ?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። ጥያቄው ሳያልቅ ከታች የነበረው ልጅ ወደቀ። በሕይወት ወጣ፤ ግን ከዚያ በኋላ ስሙን ሲጠይቁት ቆም ብሎ ያስባል። ሙሄ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ፣ እኔም ተከተልኩት።

መላዝ በሚባል የሪያድ ሠፈር ከአንድ ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ይዘን አራት ሆነን ጀመርን። ሦስተኛው ገብሬ ነው፤ ማተቡን ከልብሱ ሥር የሚደብቅ፣ ቀልዱን ግን የማይደብቅ የጎጃም ሰው። አራተኛው ጀማል እዚያው ሪያድ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ነው፤ ወላጆቹ ሐበሾች ቢሆኑም አፉን የፈታው በዐረቢኛ ነው፣ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረውም እሱ ነበር። የሥራ ፈቃዱም መኪናውም፣ የከፊላችን ኢቃማም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በአቡ ፋሂድ ስም ነው። አቡ ፋሂድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ የቀረውን አራት ቦታ እኩል እንካፈላለን። ስለ ገንዘቡ ይኸው ይበቃል።

ያለ አለቃ መሥራት ሲባል እንደ ልብ መሆን የሚመስለው ሰው አለ። እኛ ጋ ትእዛዝ ነበር፤ እንዲያውም ከሱለይ የጠበቀ ትእዛዝ ነበር። የሌለው የአዛዥ ወንበር ነው። ሙሄ ያወጣው ሕግ «ከታች ያለው ያዛል» የሚል ነው። በተራ እንወርዳለን፤ የዛሬው ወራጅ ከኸዛኑ እስኪወጣ ድረስ የሁላችን አለቃ እሱ ነው። «ውሃ» ካለ ውሃ፣ «ገመድ» ካለ ገመድ እናወርድለታለን። አንዳችን ደግሞ ባዶ እጁን ኸዛኑ አፍ ላይ ይቆማል፤ ሥራው መስማት ብቻ ነው። ሌላው ሕግ ከሱለዩ ልጅ የመጣ ነው። ከአራታችን አንዱ «ውጡ» ወይም «ዝጉት» ካለ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይዘጋል፣ ዕቃ ይጫናል፣ ከግቢው ይወጣል። ማን አለ፣ ለምን አለ የሚባለው በኋላ ነው። በዚህ ሕግ ስንት ጊዜ እንደተረፍን አላህ ያውቃል። አንድ ጊዜ ጀማል ሽታ ሳይሸተው፣ ምንም ሳያይ፣ ዝም ብሎ ልቡ ስለፈራ ብቻ «ውጡ» ብሎን ወጥተናል። ማንም አልሳቀበትም።

ሥራው ራሱ ቀላል ይመስላል። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች ይታሻል፤ ከታች ከጀመርክ ሁለቴ ትሠራለህ። ማዕዘኖቹ በእጅ ነው፣ ብሩሽ አይደርስባቸውም። ደለሉ በባልዲ ይወጣል። ክሎሩ ከላይ ሳለ ይበጠበጣል እንጂ ከታች አይከፈትም። ሙሄ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያደርገው ነገር ነበረው። ጫማውን አውልቆ ክዳኑ አጠገብ ይንበረከክና ወደ ባዶው ጉድጓድ «አሰላሙ አለይኩም» ይላል። ከዚያ ያዳምጣል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከተመለሰ ወለሉ ደረቅ ነው፤ ታፍኖ ከተመለሰ ደለል አለ። የሚለው ይህን ነበር፤ እኔ ግን ሰላምታው ለድምፁ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሰው በማይኖርበት ቦታ የሚኖሩትን አክባሪ ነበር።

«ጋሽ ሙሄ፣ አንድ ቀን ቢመልሱልህስ?» ይለው ነበር ገብሬ።

«ያን ቀን ሥራ የለም» ይላል ሙሄ፣ ሳይስቅ።

አንድ ቀን ከሙረባዕ ሠፈር ተደወለልን። ቤቱ ከሱቆቹ ጀርባ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ባለቤቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወራሾቹ ሊያከራዩት ስለፈለጉ ደላላቸው ኸዛኑ በዚያው ቀን ታጥቦ በዚያው ቀን እንዲሞላ አዘዘ። ጀማል ከቀትር በኋላ ያለው የአስር ሶላት እንዳለቀ የውሃ ቦቴ እንዲመጣ ተነጋገረ። የጎረቤት ዘበኛ በሩን ከፈተልን፤ እሱ ግን ደጁን አላለፈም። ለጀማል የሆነ ነገር ነግሮት ሄደ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ጂኒ አለ ይላል። ደጃፍ ላይ ያስቀመጠው ዳቦ እየጠፋበት ነው።»

«ዳቦ የሚበላ ከሆነማ እንግባባለን» አለ ገብሬ።

ቀትር ነበር፣ ፀሐዩ ለማንም ጥላ አልተወም። ከውጭ የሱቆቹ ጫጫታ ይሰማል፤ ግቢው ውስጥ ግን ያ ጫጫታ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። አንድ ነገር አየሁ። ግቢው በሙሉ አቧራ ለብሷል፤ የኸዛኑ ክዳን ላይ ግን አቧራ የለም። ልናገር አፌን ስከፍት ሙሄ ተንበርክኮ ነበር። እሱ ሲያዳምጥ አይወራምና ዋጥኩት።

ክዳኑን አነሳነው። ሙሄ ሰላምታውን አቀረበ። ድምፁ አልተመለሰም። ጥርትም ብሎ፣ ታፍኖም አልመጣም፤ ቃሉ ወደ ታች ገባና እዚያው ቀረ። አራታችንም ጎንበስ አልን፤ ጭንቅላታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ቅዝቃዜ ፊቴን ነካኝ። ያን ጊዜ ቀስ ያለ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ጆሮዬ ሥር «ዝጉት» አለ።

ዘጋነው። ክዳኑ ላይ ያረፈው የአራታችንም እጅ ነበር። ዕቃችንን ጫንን፣ ወጣን። ሌላ ጊዜ ከግቢው እንደወጣን እንጠያየቅ ነበር፤ ያን ቀን ለምን እንደዘገየን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ በበኩሌ ጀማል መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሎ ስላየሁት ትንሽ ይረጋጋ ብዬ ተውኩት።

መላዝ ደርሰን፣ ሩዙ ቀርቦ፣ እጃችን ትሪው ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው ገብሬ ያነሳው።

«ጋሽ ሙሄ፣ ምን ሸተተህ?»

«እኔ?» አለ ሙሄ። «ምንም አልሸተተኝም። ዝጉት ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ እንድሪስ መስሎኝ!»

እንድሪስ እኔ ነኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «ጀማል ነው እንጂ» አልኩ።

ጀማል እጁን ከትሪው አወጣ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም። እኔ ስደነግጥ በዐረቢኛ ነው የምናገረው፣ ታውቁኛላችሁ።»

እናውቀዋለን። አራት ነን፣ አምስተኛ ድምፅ አዞናል፣ እኛም እሺ ብለን ታዘናል። ገብሬ አማተበ። «ጂኒ አማርኛ ያውቃል?» አለ፤ ለመቀለድ ብሎ እንኳ ከሆነ ማንም አልሳቀም። ሙሄ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን እንደገና የሚሰማ መሰለ።

«ጂኒ ዝጉት አይልም» አለ በመጨረሻ። «ዝጉት የሚለው የሚፈራ ሰው ነው።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «ጀማል፣ ቦቴውን ሰርዘኸዋል?»

«ማንም ሰርዝ አላለኝማ! አንዳችሁ ትሉኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ…»

ከደጅ የአስር አዛን ተሰማ።

ሹፌሩ ስልክ አያነሳም። ያን ዕለት መንገዱ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ጠላቴ ነበር። ሙሄ ከኋላ ወንበር ያለማቋረጥ ዱዓ ያደርጋል፣ ገብሬም በበኩሉ የሱን ጸሎት ያደርሳል፣ ጀማል ጡሩምባውን አልለቅ አለ። ስንደርስ ቦቴው አጥሩ ሥር ቆሞ ሞተሩ ይጮኻል፤ ወፍራሙ ጎማ በኸዛኑ አፍ ገብቶ ውሃውን ያንዶለዱላል። ሹፌሩ ጥላ ሥር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ጀማል በዐረቢኛ የጮኸበትን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼበት አላውቅም። ሞተሩ ጠፋ።

ከታች ውሃው ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ሙሄ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ገብሬ «ወንድሜ፣ አበሻ ነህ? እኛም አበሾች ነን» አለ። መልስ የለም። ባትሪ ላበራ ስል ሙሄ እጄን ያዘኝ። ብርሃን የፖሊስ ነው፣ አለኝ በዓይኑ። ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ተደፍቶ፣ እኛ ወርደን ሳለ በሚያናግረን ድምፅ እንዲህ አለ።

«ከታች ያለኸው፣ ዝጉት አልከን፣ ዘጋን። አሁንስ ምን እናድርግ?»

ከዚያ ያው ድምፅ መጣ።

«ፖሊስ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ገመድ ስጡኝ።»

«ገመድ» ካለ ገመድ ነው። ጎትተን ስናወጣው እስከ አንገቱ ርሶ ነበር። ሁለት ክንዱ ግን ወደ ላይ እንደተዘረጋ ደንዝዞ ቀርቷል፤ በመዳፎቹ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዟል። በቀለበት የቋጠርንለትን ገመድ በተዘረጉት ክንዶቹ አሾልኮ ብብቱ ሥር አስገባው እንጂ ያን ብርድ ልብስ አልለቀቀም። ሰውዬው ከያዘው ሁሉ ደረቅ የነበረው ብርድ ልብሱ ብቻ ነው።

ስሙ ማሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ኢቃማ የሌለው፣ ፍተሻው ሲበረታ ከግንባታ ሥራው የሸሸ። ባዶ ቤት ውስጥ እየኖረ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ኸዛኑ ውስጥ ይገባል። ማታ መላዝ ሻይ እየጠጣ ሳለ ገብሬ ጠየቀው። «ውሃው ሲመጣ ለምን አልጮህክም?»

«ፖሊስ ነው የሚያስሞላው ብዬ። እየጮህኩ እንድወጣ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ዝጉት ያልከው እኛ እንድንሰማህ ነው?»

ማሩ ብርጭቆውን አየ። «ለራሴ ነው ያልኩት፤ ፈርቼ አመለጠኝ። ስትዘጉት ጊዜ ከመፍራቴ ብዛት ልሞት ነበር። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ያልኩትን ያደረገልኝ ሰው አልነበረማ።»

ማሩ እኛ ጋ ሰነበተ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይተኛል። መብራት ሲጠፋ ትንፋሹ አይሰማም፤ አንዳንዴ ተነስቼ መኖሩን አረጋግጥ ነበር። ስሄድ ሁልጊዜ ዓይኑ ተገልጦ አገኘዋለሁ። ከኛ ጋር መውረድ ጀመረ፤ ኸዛን ውስጥ ሲሆን ብቻ ሰውነቱ ይፈታል። ተራው ደርሶ ከታች ሲያዝዘን ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ወሬው አቡ ፋሂድ ጋ ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። ኢቃማ የሌለውን ማስጠጋት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም በስማቸው ይመጣል። ቆመው፣ ሻይ አልጠጣም ብለው ተናገሩ።

«ሙዲራችሁ ማነው? ይህን ሰው ማን አስገባው? አንድ ስም ስጡኝ። ኃላፊ ነኝ የሚል ሰው ካለ ከሱ ጋር መላ እንፈልግለታለን። ከሌለ ግን ኸላስ፣ ይውጣልኝ።»

አንድ ስም ነበር የጠየቁን። እኔ ሙሄ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ሙሄ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ስሙን ከሰጠ ሙዲር ሆነ ማለት ነው ብሎ ሰጋ። ገብሬ ሁለታችንን ያያል። ጀማል ትርጉሙን ጨርሶ አንገቱን ደፋ። ዝጉት ሲባል አራት እጅ የተዘረጋበት ቤት፣ ማነው ሲባል አንድ አፍ አልተከፈተበትም። አቡ ፋሂድ ትንሽ ጠበቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ። መጋረጃው ሲወዛወዝ አየሁት፤ ነፋስ አልነበረም።

ጠዋት ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ አገኘነው። ብርድ ልብሱ የለም፣ ማሩም የለም።

ፈለግነው። ጀማል ሰው ልኮ ተርሂል፣ ወደ አገር የሚመለሱት የሚታጎሩበት ቦታ፣ አስጠየቀ፤ በዚያ ስም የገባ የለም ተባለ። የግንባታ ልጆቹም አላዩትም። ሙረባዕ ሄድን። ቤቱ ተከራይቷል፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ የጥራት ፍተሻ ነው ብለን ክዳኑን ከፈትነው። ኸዛኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሙሄ በውሃው ላይ ጎንበስ ብሎ «ማሩ» አለ፤ አራት ፊት ከውሃው ውስጥ ቀና ብሎ አየን። ቆጠርኳቸው፤ የራሳችን ነበሩ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፣ ያን ያህልም አዝኜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሕጋችን ተለወጠ። ዝጉት የሚል ሰው ስሙን ጨምሮ ይናገራል። ኃላፊው ማነው ለሚል ደግሞ የዕለቱ ወራጅ ስሙን ይሰጣል። ከወራት በኋላ አቡ ፋሂድ ሥራ ላይ ሳለን መጥተው «ዛሬስ ሙዲር አላችሁ?» አሉ፣ ለመንካት ያህል። «አለን፣ ገብሬ ነው። ከታች ነው ያለው፣ እስኪወጣ ይታገሱ» አልናቸው። ገብሬም ከጉድጓዱ «ገብሬ ነኝ፣ ኃላፊው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁት። ማሩን በተመለከተ ግን የዘገየ መልስ ነው።

ሰላምታውም ተለወጠ። ሙሄ ከ«አሰላሙ አለይኩም» በኋላ በአማርኛ «ማሩ፣ ወንድሜ፣ ሙሄ ነኝ። ውሃ ሊመጣ ነው» ማለት ጀመረ። እኛም በየተራችን በየስማችን እንለው ጀመር። በየትኛውም ግቢ፣ ባለቤቱ እያየን። የኮሮና ወረርሽኝ ከተማውን ዘግቶ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ ድምፃችን ከጉድጓዱ ወጥቶ ሠፈሩን ይዞር ነበር። በዚያ ሰሞን መላዝ ውስጥ አንድ ባዶ ሕንጻ ሥር ተናግረን ስንጨርስ ከታች ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ። ጠበቅን፣ ማንም አልወጣም። ተራው የኔ ነበርና ወረድኩ። ኸዛኑ ሰፊ ነው፣ ከአንዱ ምሰሶ ጀርባ ወደ ጎረቤቱ ሕንጻ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። የተነጠፈ ካርቶን አገኘሁ፤ ካርቶኑ ላይ ዳቦ፤ ዳቦው ገና ለስላሳ ነበር። ማሩ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ከታች ያለሁት እኔ ነኝና አዘዝኩ። «እንድሪስ ነኝ። ዝጉት» አልኩ። ሙሄ ለሕንጻው ደላላ «ስንጥቅ ነበረው፣ ደፍነነዋል፤ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ውሃ እንዳይገባበት» አለው። የያዝነውን ምሳ እዚያው ትተን ወጣን።

ሙሄ ከኔ ቀድሞ አገሩ ገባ። እኔንም በ2014 ጉልበቴ ከመሰላል አስወረደኝ። ገብሬና ጀማል አሁንም እዚያው ናቸው፤ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት የምጠይቃቸውን ያውቁታል። መልሳቸውንም አውቀዋለሁ።

ትናንት ውሃ መጣ። ዘይነባ ቧንቧውን ይዛ ቆመች። ልጄ የነገራትን ግማሽ ሰምታ ኖሮ እንደ ወትሮው አልሳቀችብኝም። «አባባ፣ ምን ያህል ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ ብቻ።

«ሰው ብርድ ልብሱን አጣጥፎ እስኪያነሳ» አልኳት።

ክዳኑን አነሳሁ። «ማሩ፣ ወንድሜ፣ ውሃ ሊመጣ ነው» አልኩ። «ኃላፊው እኔ ነኝ፣ እንድሪስ።»